መጀመሪያ የተጎዳችውን ልጅ ስሟት
ለድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት፣ ለድሬዳዋ ፖሊስ ኮሚሽንና ለከተማችን ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ድሬዳዋ፣ 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የፖሊስ አመራሮችና ባልደረቦች፣ ወላጆች፤

እኔ ታይዋን ገበያ አካባቢ ሞባይል እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጅ ሶኬት እበይዳለሁ፣ ኮዱ የተረሳ ስልክ እከፍታለሁ። ሕግ አልተማርኩም። ግን የከተማው ሰው ስልክ በእጄ ያልፋል። ከስልኩ ጋር ጭንቀቱም ይመጣል።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ በየሻይ ቤቱ፣ በየበርጫውና በየባጃጁ የምሰማው ወሬ ነው። «ቲክቶክ ይዘጋ፣ እነዚህ ልጆች ይታሰሩ፣ ባህላችን ጠፋ» ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ቲክቶከሮች ከሥነ ምግባር ውጭ የሆነ ይዘት ለቃችኋል ተብለው ሲታሰሩ ስንሰማ፣ «እኛስ ምን እንጠብቃለን?» የሚል ሰው በዛ። እንዲህ ከሚሉት ብዙዎቹ የማከብራቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። ጭንቀታቸው የእኔም ጭንቀት ነው። የምለያቸው በመፍትሔው ነው።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ኢንተርኔት ላይ የሕግ ጉልበት መዋል ያለበት ሰው ለተጎዳበት ነገር ነው። ስላልወደድነው ነገር መናገር፣ መምከር፣ አለማየት እንችላለን። ዛሬ የምናደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው። በጨፈረችው ልጅ ላይ እንጮሃለን፤ የተጎዳችው ልጅ ግን የምትሄድበት ጠፍቷት ቤቷ ተደብቃ ታለቅሳለች።

ጭንቀቱን አላቃልለውም። ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ በላይቭ (በቀጥታ ስርጭት) የሚደረገውን «ባትል» የሚሉትን ፍልሚያ ያየ ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ስክሪኑን ተካፍለው ይሰዳደባሉ። ተመልካች ጊፍት፣ በገንዘብ የሚገዛ ስጦታ፣ ይልካል። የተሸነፈው ራሱን እንዲያዋርድ ይፈረድበታል። የሰው እናት ትሰደባለች፣ ብሔር ይሰደባል፣ ሃይማኖት ይነሳል። ከጊፍቱ ገንዘብ ኩባንያውም ድርሻውን ይወስዳል። ትንሽ ልጁን በእናቱ ስልክ ይህን ሲያይ ያገኘ ወላጅ ቢናደድ እውነቱን ነው። እኔም እናደዳለሁ።

አሁን ግን ሱቄ ውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ትመጣለች። ሻርፗን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። የተበላሸ ስልክ የላትም። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ የስልክ ከቨር የምትመርጥ መስላ ትቆማለች። ሱቁ ጭር ሲል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ነገር ማስጠፋት ይቻላል?» ትለኛለች። እንዲህ ብለው የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለ አንዷ ብቻ ልናገር፤ ስሟንም ሰፈሯንም አልጠቅስም።

የምትወደው ልጅ ነበር። ፎቶ ላከችለት። ሲጣሉ «ካርድ ሙዪልኝ» አላት፣ ሞላችለት። ቀጥሎ በቴሌብር ብር ላኪ አላት፣ ላከች። ሦስተኛው ላይ የላትም። በማግስቱ ፎቶው አንድ ቻናል ላይ ወጣ። ስልኳን ስትሰጠኝ ሁሉም ነገር እዚያው ነበር። ማስፈራሪያው ከነቀኑና ከነሰዓቱ አለ። ብሩን ስትልክ የመጣው የቴሌብር ማረጋገጫ መልእክትም አልጠፋም፤ የተቀባዩ ስም ሳይቀር ሰፍሮበታል። ማስረጃው አንድ ስልክ ውስጥ ተሰብስቦ ተቀምጧል።

«ፖሊስ ጋ ሂጂ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ብዬ ልሂድ? መጀመሪያ ለምን ላክሽለት ቢሉኝስ? ፎቶውን አሳዪን ቢሉኝስ? የሰፈር ሰው በር ላይ ቢያየኝስ?» አለች። አልሄደችም። ከዚያ በኋላ ሥራዋንም አቆመች።

ፎቶውን አላየሁትም። ማየትም አልነበረብኝም። ከሥሩ የተጻፈውን ግን ስክሪን ሾት አድርጋ አሳይታኛለች። ስድብ ይሆናል ብዬ ነበር። «የዘንድሮ ልጆች ጉድ! ወላጆች እባካችሁ ልጆቻችሁን ምከሩ» ይላል። ከታች ፈጣሪን ምሕረት የሚለምን አለ፣ ባህላችን ወዴት ሄደ የሚል አለ። ያው ጽሑፍ ምስሉን እንዳዘለ በሰፈር ግሩፕም ዞረ፣ በዘመድ ግሩፕም ዞረ። ወላጆች፣ ይህን በደንብ አስቡልኝ። ያንን ፎቶ ከሰፈር ሰፈር ያዳረሰው ከባለጌዎች ይልቅ «ነውር ነው» እያለ ፎርዋርድ ያደረገው ሰው ነው። በልጅቷ ላይ የደረሰው ጉዳት ግማሹ የኛ የጨዋዎቹ ሥራ ነው።

ስለዚህ «የሕዝብ ሥነ ምግባር ይጠበቅ» ሲባል የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ። ሲጠበቅ ማን ነው የሚጠበቀው? ከዚራ ዛፍ ሥር ቆማ በዘፈን የምትወዛወዘው ልጅ ማንን ጎዳች? የማይወዳት ሰው ጣቱን ወደ ላይ ገፋ ያደርጋል፣ ቪዲዮው ያልፋል። ያችኛዋ ልጅ ግን ገፋ አድርጋ የምታሳልፈው ነገር የላትም።

የሕግ ሰው ባልሆንም ሕገ መንግሥቱን ማንበብ አያቅተኝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በነጻነት የመግለጽ መብትን ይደነግጋል፤ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ገደቡን ይናገራል። ገደብ የሚጣለው በሕግ ብቻ ነው፤ ሐሳቡ ስላልተወደደ አይታገድም። ገደቡ የሚጣለውም የወጣቶችን ደህንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ነው። የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫም ይከለከላል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሕዝብ ሞራል የሚል ነገር የለም። ተረስቶ አይመስለኝም። ስለ ሃይማኖት ነጻነት በሚናገረው አንቀጽ 27 ውስጥ አለ። ስለ ሰላማዊ ሰልፍ በሚናገረው አንቀጽ 30 ውስጥም አለ። መሐል ላይ ባለው በ29 የተመረጠው ግን ወጣቱና የሰው ክብር ነው።

እውነት ነው፣ ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 19 የሕዝብ ሞራልንም እንደ ገደብ ምክንያት ይጠቅሳል። ያም ቢሆን ገደቡ በሕግ የተደነገገና የግድ አስፈላጊ መሆን አለበት ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 640 የብልግና ምስል ማሰራጨትን ይቀጣል። ይሰረዝ አላልኩም። ጭፈራና አለባበስ ግን የብልግና ምስል አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ ከጠቀለልናቸው ፖሊሱ ጊዜውን የሚያጠፋው ቀሚስ በመለካት ይሆናል።

ደግሞስ የማን ሥነ ምግባር ነው መለኪያው? ድሬ ላይ እኮ ታላቅን «አንተ» ማለት ፍቅር ነው። ከደጋ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ሲሰማው ይደነግጣል፤ ሲቆይ ራሱም ይለምደዋል። ሙቀቱ ሲበረታ እናቶቻችን ሽቲያቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ሱቅ ይሄዳል። እዚህ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ያንኑ ቀርጻችሁ ልቀቁትና ከሌላ ከተማ የሚመጣውን ኮሜንት አንብቡት። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ከመስጊድ ሲመለስ ሌላው ከቅዳሴ ሲመለስ በር ላይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ ሐረሪኛው በአንድ ወሬ ውስጥ ይቀላቀላል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች አብረው የኖሩት አንዱ የሌላውን ልብስ እየለካ አይደለም። አቦ፣ ይቺን ከተማ የምንወዳት ለዚህ አይደል?

ሌላም ፍርሃት አለኝ። «ከሥነ ምግባር ውጭ» የሚለው ቃል ልክ የለውም። ዛሬ ስለ ጭፈራ ይነሳል፤ ነገ የሰፈሩን ቆሻሻ ቀርጾ የለቀቀው ልጅ ላይ ይዞራል። «የከተማዋን ገጽታ አጎደፍክ» የሚለውን አባባል ሁላችንም ሰምተነዋል። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ ተደፍቶ ያየ ልጅ ቀርጾ ሲለቅ ከተማዋን እየጠበቃት ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ያ ወንዝ ሞልቶ ምን እንዳደረገን የምናውቅ ሰዎች እንዲህ ያለውን ልጅ ዝም በል ማለት የለብንም። ወንዙን የሚያሳየን ሰው ያስፈልገናል።

መዝጋት ደግሞ ሞክረነዋል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም በአገሪቱ ለወራት ተገድበው ነበር። ሱቄ ውስጥ የሆነውን አስታውሳለሁ። ሰው ሁሉ ቪፒኤን፣ የተዘጋውን የሚያስከፍተውን አፕ፣ ጫንልኝ እያለ መጣ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መጣ፣ ስልክ መደወል እንኳ የሚቸግራቸው አባት መጡ። የሚጫነው ነጻው ነበር፤ ነጻው ደግሞ በማስታወቂያ የተሞላ ነው። ቁማሩም፣ እርቃኑም ሳይጠራ ዘው ይላል። ከመዘጋቱ በፊት ያን ዓይነት ነገር አይቶ የማያውቅ ልጅ በመዘጋቱ አየው። ሱቃቸውን በቴሌግራም ያስተዋውቁ የነበሩ የቀፊራ ነጋዴዎች የከሰሩትን አልቆጥርም።

እንግዲህ ልጆቹን በምን እንጠብቅ? እዚህ ላይ ወላጆችን በተለይ የማናግራችሁ ነገር አለ፤ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ስልክ ላይ አግኝቼዋለሁ። ቲክቶክ አካውንት ሲከፈት የትውልድ ዓመት ይጠይቃል። ልጁም፣ አንዳንዴ ወላጁም፣ የሚያውቀውን የኢትዮጵያ ዓመት ያስገባል። በ2005 የተወለደ ልጅ 2005 ብሎ ይጽፋል። ኩባንያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ያ ልጅ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለቲክቶክ ግን ሃያ ያለፈው ጎልማሳ ሆነ። ውሸት የተናገረ የለም። የሰባትና ስምንት ዓመቱ ልዩነት ብቻ ነው እዚህ ያደረሰው።

መዘዙ ቀላል አይደለም። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ያለን ልጅ አካውንት ከመጀመሪያው ዝግ ያደርገዋል። ቀጥታ መልእክት መላላክም አይፈቅድለትም። ላይቭ ለመግባት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዓመቱ በኛ አቆጣጠር የገባበት ልጅ ግን አንዱም ጥበቃ አይደርሰውም። የማያውቀው ሰው መልእክት ይልክለታል፣ ላይቭ ይከፍታል፣ ጊፍት ይቀበላል። ዛሬ ማታ የልጃችሁን ስልክ ተቀብላችሁ ይህን እዩ። ከተሳሳተ በትክክለኛው ዓመት አዲስ አካውንት መክፈቱ ይቀላል። «ፋሚሊ ፔሪንግ» የሚባለውም አለ፤ የወላጁን አካውንት ከልጁ ጋር ያገናኘዋል፣ ሰዓትም ይገደብበታል። ትምህርት ቤቶች በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህችን አንዲት ነገር ቢያሳዩ ከብዙ ቁጣ የበለጠ ትሠራለች።

ወደ ሕጉ ልመለስ። ያችን ልጅ የሚረዳ አዲስ ሕግ አያስፈልገንም፤ አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 ሕፃናትን ለወሲብ ምስል መጠቀምንና ማማለልን ይቀጣል። አንቀጽ 13 በምስልና በጽሑፍ ማስፈራራትን፣ ደጋግሞ ማስጨነቅን፣ የሰውን ክብርና ስም ማጉደፍን ይቀጣል። ስም የማጉደፉ ክስ የሚጀምረው በተበዳይ አቤቱታ ነው። ይህ ማለት ልጅቷ ከጣቢያው በር ከተመለሰች ያ ክስ የለም ማለት ነው። በሩ ላይ እንዴት እንደምትስተናገድ የሕጉ ግማሽ ነው።

በብሔርና በሃይማኖት ሰውን በሰው ላይ ለሚያነሳሳውም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ ሲደርሳቸው እንዲህ ያለውን ይዘት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠብቃል። እንደ ድሬ ሁሉም ተቀላቅሎ ለሚኖርባት ከተማ ከጭፈራ ይልቅ የሚያስፈራው ይህኛው ነው። ሦስት ቋንቋ ቀይጦ የተጻፈን ስድብ ውጭ አገር ያለ ኮምፒዩተር አይለየውም። እኛ ነን የምንለየው፣ እኛ ነን ሪፖርት ማድረግ ያለብን።

ስለዚህ የፖሊስ ኮሚሽናችንን የምለምነው ይህን ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዛ የምትመጣ ሴት በረንዳ ላይ አትጠየቅ። በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል ይሰጣት፣ የምታናግራት ሴት መርማሪ ትሁን። «ለምን ላክሽለት?» የሚለው ጥያቄ ከጥያቄዎቹ ውስጥ ይውጣ፤ ወንጀሉን የሠራው አስፈራርቶ የለቀቀው ነው። ምስሉ እንደ ማስረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ተወስዶ ይታሸግ። ከስልክ ወደ ስልክ አይተላለፍ። ብር የተላከበት የቴሌብር መልእክት ካለ ከሱ ይጀመር፤ ስም የሰፈረበት ማስረጃ በየትኛውም ወንጀል አይናቅም።

ሌላው ልመናዬ ስለ ተጠርጣሪዎች ነው። በይዘት የተነሳ የተያዘን ወጣት ካሜራ ፊት አቁሞ ይቅርታ ማስባልና ቪዲዮውን መልቀቅ በከተማችን እንዳይለመድ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ያልተፈረደበትን ሰው እንደ ጥፋተኛ አትቁጠሩ ይላል። ያ ቪዲዮም አንዴ ከወጣ አይሰበሰብም። የሰው ክብር ተነካ ብለን የሌላ ሰው ክብር በዚያው መንገድ መንካት የለብንም።

ምክር ቤቱን የምጠይቀው ስለኛ ስለ ጠጋኞቹም ነው። ሰው ስልኩን ከነኮዱ ጥሎልን ይሄዳል። ጋለሪው፣ ቴሌግራሙ፣ ባንኩ እዚያ ነው። ከየት ወጣ የማይባል ፎቶ አንዳንዴ ከጥገና ቤት ይወጣል፤ የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከ2016 ጀምሮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለን፤ የኛን ጠባብ ሱቅ ግን የሚያስበው የለም። ንግድ ፈቃዳችን ሲታደስ አንድ ገጽ የምንፈርምበት ነገር ይኑር። ጥገናው ኮድ ካልፈለገ ኮድ አይጠየቅ። ከፈለገ ባለቤቱ ፊት ይሠራ። ኮፒ ያደረገ ፈቃዱን ይነጠቅ። እኔ የመጀመሪያው ፈራሚ ለመሆን ዝግጁ ነኝ። ሱቄ ላይ «ጥገናው ካልጠየቀ ኮድዎን አይንገሩን» ብዬ ለጥፌያለሁ፤ ደንበኛ አልሸሸም።

ለልጆቹ ለራሳቸውም የምነግረው አለ፤ ወላጆች አድርሱልኝ። ምስሏ ሊለቀቅ ነው ብላ የምትፈራ፣ 18 ዓመት የሞላት ሴት «ስቶፕ ኤን ሲ አይ አይ» የሚባል ነጻ አገልግሎት አላት። ምስሉ ከስልኳ አይወጣም። ስልኳ ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር ይሠራለታል፤ የሚላከው ያ ቁጥር ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በቁጥሩ እየለዩ ያግዱታል። ከ18 በታች ላሉት «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ተመሳሳይ አለ። ቴሌግራም ላይ ግን ቻናሉን ሪፖርት ማድረግ ነው ያለው፤ ብዙ ሰው ሲያደርገው ይሻላል። ከሁሉም በፊት ማስፈራሪያውን አታጥፉት። ደንግጠው ቻቱን ደምስሰው የሚመጡ አሉ፤ ያኔ ማስረጃው አብሮ ይሄዳል። ብርም አትላኩ። የላከ ሰው ይለቀቃል ማለት አይደለም፤ እንደገና ይጠየቃል።

ኮሚሽኑ አንድ ነገር እንዲመልስልኝ እፈልጋለሁ። ነገ እንዲህ ያለች ልጅ ሱቄ ብትመጣ ወደ የትኛው ጣቢያ፣ ወደ የትኛው ክፍል ልላካት? ስልክ ቁጥሩስ ስንት ነው? መልሱን በየቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጻፍ። እኔም ወረቀቱን አሳትሜ በየጥገና ቤቱ አድላለሁ። የልጁን አካውንት ዓመት ማስተካከል የፈለገ ወላጅም ስልኩን ይዞ ይምጣ። አላስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሬዳዋ ሞባይል ጠጋኝ